የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ዓመት፦ አንድ የእርሻ ቃል ከማሳ እስከ ከፊራ ገበያ

ክበባችን ዘንድሮ ረጅም የቃላት ዝርዝር አላዘጋጀም። አንድ ቃል መርጠን የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት በሙሉ እሱን ስንመረምር ቆየን። ቃሉ «ሃርቨስት» ነው። በንባብ ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ተማሪውም «ማጨድ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪ የማያውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈልገዋል፤ የሚያውቅ የመሰለውን ግን ማንም አይፈልገውም።

ክርክሩ የተነሣው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትተረጉም «ገበሬው ቡናውን አጨደ» አለች። ቤተሰቦቹ ጋራ ሙለታ አካባቢ ቡና ያላቸው አንድ ልጅ ወዲያው እጁን አወጣ፤ ቡና አይታጨድም፣ ይለቀማል። ከኋላ የተቀመጠችው ደግሞ ሽንኩርት ይነቀላል አለች። ድንች ይቆፈራል፣ ጎመን ይቀነጠሳል፣ ማር ይቆረጣል፣ ምስር በእጅ ይነቀላል፣ ጤፍና ስንዴ በማጭድ ይታጨዳል። የማሽላው ለብቻው አከራከረን፤ መጨረሻ ላይ ዛላው እንደሚቆረጥ፣ አገዳውም ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር እንደሚፈለግ ከገጠር የሚመጡት አባላት አስረዱን። ሰሌዳው ሞላ። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁሉ «ሃርቨስት» ሊል ይችላል፤ አማርኛችን ግን እጅ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ግስ አይሰጥም። ቃላት የላቸውም እየተባሉ የሚወቀሱ ልጆች ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ሲደረድሩ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ደስታ ነበር።

ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ተመለስን፤ እንግሊዝኛም ድሃ አለመሆኑ ታየ። ለ«ሃርቨስት» ተመሳሳይ ተብለው የሚቀርቡት ቃላት እንደ ልብ አይቀያየሩም። «ሪፕ» ማጭድን ያስታውሳል፤ ለእህል እንጂ ለቡና አይሆንም። «የዘራኸውን ታጭዳለህ» የሚለውንም እንግሊዝኛ የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። «ፒክ» ለቡናና ለፍራፍሬ፣ «ዲግ» ለድንች ይሆናል። የእንግሊዝ ገበሬ ድንች ሲያወጣ «ሊፍት» ማለቱን ሲሰሙ አባላቱ በጣም ተገረሙ፤ እነሱ ሊፍትን የሚያውቁት በፎቅ ቤት ነው። ሁለቱም አንድ ቃል ነው፣ ወደ ላይ ማንሣት። «ጋዘር» የተበተነውን መሰብሰብ ነው፤ ከሰሙት ተነሥተው አንድ ነገር መረዳትንም ይገልጻል።

ከሁሉም የወደድነው «ግሊን» ነው፣ መቃረም። አጫጆች ካለፉ በኋላ ማሳው ላይ የቀረውን መልቀም። አንዲት አባል የሩትን ታሪክ አስታወሰች፤ በኦሪት ሕግ ቃርሚያው ለድሃና ለመጻተኛ ይተው ተብሏል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ቃል ከዚህም ከዚያም መረጃ ለመሰብሰብ ይጠቀምበታል። አማርኛ ጋዜጣም «ከልዩ ልዩ ምንጮች የቃረምነው» እያለ ይጽፋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ከአንድ ማሳ ተነሥተው አንድ ቦታ ደረሱ።

የቃሉን ታሪክ ስንከታተል ደግሞ የበለጠ ቅርብ የሆነ ነገር ገጠመን። «ሃርቨስት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ የአዝመራ ሥራ ስም አልነበረም፤ እህል የሚሰበሰብበት ወቅት ስም ነበር። ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ሄርብስት» ዛሬም የሚያመለክተው ወቅቱን ነው። ኋላ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ኦተም» ቦታውን ወሰደ፤ አሜሪካውያን ደግሞ ቅጠል ከሚረግፍበት ጊዜ የወጣውን «ፎል» አዘወተሩ፤ «ሃርቨስት»ም ለሥራውና ለምርቱ ብቻ ቀረ። ይህን ሳስረዳ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «የእኛው መኸር አይደለም ወይ?» አለ። ነው እንጂ! ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ወይም መኸር ይባላል፤ «መኸር ገባ» ስንል ጊዜውን፣ «መኸሩ ተሰበሰበ» ስንል እህሉን ነው። እንግሊዝኛ የለቀቀውን ድርብ ትርጉም አማርኛ እስካሁን ይዞታል።

ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ድሬዳዋ ወደሚገኘው ከፊራ ገበያ ወጣን። አባላቱ በቡድን ተከፍለው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሻጮቹን ጠየቁ፤ መልሱን በእንግሊዝኛ መዘገቡ። አንዲት ለውዝ ሻጭ እናት አፈሩ ያልለቀቀውን ለውዝ ከነሥሩ አንሥተው አሳዩን፤ ፍሬዎቹ በቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለዋል። የሚነቀለው መሬቱ ረጠብ ሲል ነው፤ ደርቆ ከጠነከረ ክሩ ይበጠስና ፍሬው እዚያው ይቀራል። የቡድኑ ጸሐፊ ይህን ለመጻፍ አራት ግሶች አስፈለጓት፤ አንዱንም ከመዝገበ ቃላት አልቀዳችም። የእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲህ ባለ ቦታ ላይ እንጂ በባዶ ክፍል ውስጥ ሥር ይሰዳል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ቃሉ ከእርሻ ወጥቶ የሄደበትን መንገድ ስንከተል አለፈ። የዝናብ ውሃ ማቆርን እንግሊዝኛ «ሃርቨስት» ይለዋል። የድሬዳዋ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርማል፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ደግሞ በድንገት ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ጥፋት ቤተሰቦቻቸው አልረሱትም። አንድ አባል ያ ሁሉ ውሃ ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ላይኛው ተፋሰስ ላይ ቢታጨድስ ብሎ የጻፈው ድርሰት በሚኒ ሚዲያ ተነብቧል። «ቢታጨድስ» የሚለው አማርኛ አይደለም ያሉ መምህራን ነበሩ። እኔ ግን ልጁ የእንግሊዝኛውን ስሜት አውቆ ወደ አማርኛ ስላስገባው እንዳለ እንዲቀር አድርጌያለሁ።

የኮምፒውተር መረጃ ከሰው ሳያስፈቅዱ መሰብሰብም በዚሁ ቃል ይጠራል። በሕክምና ደግሞ ከለጋሽ ሰው ኩላሊት ወይም ሌላ አካል መውሰድ እንዲሁ «ሃርቨስት» ሲባል ኖሯል። ይህ ክበቡን ዝም አሰኘው፤ ሰው እንደ ሰብል መቆጠሩ ቅር አሰኛቸው። በአሜሪካ የአካል ልገሳ ባለሙያዎችም ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ሲሉ «ሪከቨር» (መልሶ ማግኘት) የሚለውን ይመርጣሉ። ልጆቹ ይህን ከመስማታቸው በፊት ነውሩን ራሳቸው ማሽተታቸው አስደስቶኛል።

«ክሮፕ»ንና «ይልድ»ንም ነካክተናል። «ክሮፕ» ሰብል ነው፤ ጠርዝ መቁረጥም ስለሆነ ስልካቸው ላይ ፎቶ ሲያስተካክሉ በየቀኑ ያዩታል። «ይልድ» ምርት መስጠት ነው፤ በመንገድ ምልክት ላይ ግን ቅድሚያ መስጠት ይሆናል።

ከዚህ ውጪ ክበቡ የፊደል አጻጻፍ ውድድር አካሂዷል፤ በወላጆች ቀንም አጭር ድራማ አቅርቧል። የመዝገበ ቃላት እጥረት አሁንም አለ፤ ለትልልቆቹ ክፍሎች የሚሆኑ ጥቂት ቅጂዎች ቢለገሱን በእጅጉ ይጠቅሙናል። አባላቱ የሠሩት ትልቁ ሰንጠረዥ፣ በአንድ በኩል ሰብሉ፣ በሌላው በአራት ቋንቋ ግሱ የሰፈረበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቅሏል። የሐረሪኛው ዓምድ ገና አልሞላም፤ የሚያውቁ ተማሪዎችና ወላጆች እዚያው በእርሳስ እንዲጽፉበት እንጋብዛለን። የሚቀጥለው ዓመት ቃል «ሲድ»፣ ዘር፣ ነው። ምዝገባው በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት በቋንቋ ትምህርት ክፍል ቢሮ ይካሄዳል፤ የ9ኛ ክፍል አዲስ ተማሪዎችም መመዝገብ ይችላሉ።