ለእናቴ፣ ስለ ጾሙ ቦሎቄ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ የጠየቅሽኝን በሎሚና በቅጠል የሚታሸውን ቦሎቄ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው፤ ለምታግዝሽ ልጅ አስነብቢያት።

ንፍሮ መቀቀል ለአንቺ አይነገርም። ይሄኛው ግን ቀዝቅዞ የሚበላ ስለሆነ ሎሚውና ዘይቱ ፍሬው ውስጥ ድረስ መግባት አለባቸው። እንደ ንፍሮ ጠንከር ብሎ ከወጣ ጣዕሙ ከላይ ይቀራል፤ ለጥርስሽም አይመችም።

ግማሽ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ ይበቃል። ከቆላ የመጣ የዘንድሮ ይሁን፤ የከረመ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ቢጣድም መሀሉ እሺ አይልም። ለቅመሽ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፊው። ጠዋት ያንን ውሃ ድፊና በአዲስ ውሃ ጣጂው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በኃይል ይፍላ። ጥሬ ቦሎቄ፣ ይልቁንም ቀዩ፣ ሆድ የሚያገላብጥ መርዝ አለው፤ የሚጠፋውም በኃይለኛ ፍላት እንጂ ፍም ላይ ለብ እያለ በማደር አይደለም። ከዚያ እሳቱን ቀንሺ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ገና 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል፤ ቆላ አንድ ሰዓት የሚፈጀው እናንተ ዘንድ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ አይግረምሽ። በማንኪያ ጥቂት አውጥተሽ እፍ በይበት፤ ቆዳው ተሸብሽቦ መላጥ ሲጀምር ደርሷል። ያም ሆኖ አምስት ስድስት ፍሬ በጣትሽ ጨምቂ፤ አንዱ እንኳ መሀሉ ከጠጠረ ይቆይ።

ሳይበስል ሎሚም ሆነ ቲማቲም አይንካው። ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያደነድነዋል፤ ከዚያ ወዲያ እንጨት መፍጀት ብቻ ነው። ጨው ያጠነክረዋል የሚባለውን ግን አትስሚ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲፈላ ቢገባ ውስጡን ያጣፍጠዋል። ግፊትሽን አስበሽ ከዚያ በላይ አትጨምሪ፤ ሎሚው ያካክሰዋል።

እሱ እየበሰለ 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ክተፊና የ4 ሎሚ ጭማቂ አፍስሽበት፤ ሎሚ ውስጥ ሲቆይ ማቃጠሉን ይተዋል። 2 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠ፣ 2 ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት ጨምሪበት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቦሎቄውን አጥልለሽ ትኩስነቱ ሳይወጣለት ከዚህ ጋር አዋህጂው። ትኩስ ፍሬ እየበረደ ሲሄድ የነካውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀዝቅዞ ከተቀመመ ግን ዘይቱ ሳህኑ ሥር ተጠራቅሞ ይቀራል። ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለሽ ገልብጪው እንጂ አታማስዪው፤ አለዚያ ገንፎ ይሆናል። ከደረቀብሽ ከተቀቀለበት ውሃ 2 ማንኪያ ጣል አድርጊ።

ቅጠሉ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በሶብላ ትኩስ ላይ ከገባ ወዲያው ይጠቁራል፣ ሽታውም በእንፋሎቱ ይሄዳል። ስለዚህ በደንብ ይብረድ፤ ከዚያ 1 እፍኝ በሶብላና ግማሽ እፍኝ የድንብላል ቅጠል በእጅሽ በጣጥሰሽ ጨምሪ። ጦስኝ ካገኘሽ ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ እሱ ብቻ ከትኩሱ ጋር ይግባ። ጤና አዳም አንዲት ጫፍ ትበቃለች፤ ሲበዛ ይመራል። ነፍሰ ጡር የምትበላ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቅር።

ሁለት ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው፤ በነጋታው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሎሚ አለው ብለሽ ግን ጓዳ አታሳድሪው፤ ፍሪጅ ውስጥ ከድነሽ እስከ 3 ቀን ነው። ሲያድር ኮምጣጣነቱን ፍሬው ስለሚጠጣው ከማቅረብሽ በፊት ቅመሺና ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

በደኅና ሁኚልኝ።

ልጅሽ