የሰይጣን አንድ ዓይን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ ከቱሉ ዲምቱ ተነሳን። የሄድነው ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የቆየ የሥዕል ሙዚየም ነው። ስሙ ይቅር።

አስጎብኚው ትሁት ወጣት ነው። ግን ይሮጣል! «ይህ የ18ኛው፣ ይህ ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን...» እያለ 20 ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ላይ አደረሰን። እናቴ «ልጄ፣ ይሄኛው ምነው አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?» ብላ ጠየቀችው። «ስለቆየ ነው እማማ» አላት። አበስኩ ገበርኩ!

መልሱን የነገሩን አብረውን ይጎበኙ የነበሩ አዛውንት ናቸው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ሰይጣንና ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የግድግዳ ሥዕል የምንለውም ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ይህን ልብ አላለችውም። ከዚያማ ማን ያስወጣት! ተመልሳ ዓይን ስትቆጥር ቆየች።

ለሙዚየሙ ያለኝ ልመና ቀላል ነው። 30 ሥዕል በሩጫ ከምታሳዩን አምስቱ ፊት አቁሙን። ለእናቶችም አንድ አግዳሚ ወንበር አይጠፋም።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ