ላፕቶፑን አትጣይው

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝን መልእክት ሦስቴ አነበብኩት። "አባዬ፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለኝ። ልተወውና ሌላ ልፈልግ?" ብለሻል። በስልክ ልመልስልሽ ጀምሬ ነገሩ ረዘመብኝ። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

አትጣይው። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ያንቺ ላፕቶፕ ያንን አያሟላም፣ በቃ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የደህንነት አፕዴት በማይመጣለት ሲስተም ኢንተርኔት ላይ ስትውዪ ማየት አልፈልግም። ስክሪኑና ኪቦርዱ ግን ትናንት የሠሩትን ዛሬም ይሠራሉ። ስለዚህ ሊኑክስ ጫኚበት፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚገባ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው።

ለአንቺ እንግዳ ነገር አይደለም። ትንሽ ሆነሽ ተክስ ፔይንት በሚባለው የልጆች የሥዕል ፕሮግራም ስትሥዪ የዋልሽበት የኔ ኮምፒውተር ሊኑክስ ነበር። የሊኑክስ ምልክት የሆነችው ያቺ ፔንግዊን ትዝ ትልሻለች?

መጀመሪያ ሳትጭኚው ሞክሪው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አውርጂ፤ ራምሽ 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ቀለል ያለውን ምረጪ። እሱን የምትጽፊበት 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ላፕቶፑን ከፍላሹ ስታስነሺው ሲስተሙ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ይከፈትልሻል። ያኔ ሁሉንም ፈትሺ። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ካሜራውስ? ክዳኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ይነቃል? ከፍላሽ ላይ ስለሚሠራ ይንቀራፈፋል፤ በዚያ አትፍረጂበት።

ዋይፋዩ እምቢ ካለ አትደንግጪ። የአንዳንድ ዋይፋይ ካርዶች ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አይመጣም። ስልክሽን በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ኢንተርኔቱን አጋሪው። ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቺ፤ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያመጣልሻል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርሽ። ስትከፍቺው ጨር ጨር የሚለው ድምፅ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ብትቀይሪው ከማንኛውም ሲስተም ለውጥ የበለጠ ልዩነት ታያለሽ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንደዚህ የሚጠቅም ነገር አላየሁም።

ሁሉ ነገር ይሠራልሻል ብዬ አልዋሽሽም። ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተሠራም። ማጭበርበርን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ያላቸው አንዳንድ የኦንላይን ጨዋታዎች አይከፈቱም። ኦንላይን ፈተና የምትፈተኚበት ፕሮግራም ካለ ዊንዶውስ ብቻ እንደሚፈልግ ወይም እንዳልሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ለጽሑፍ ሥራ ወርድን የሚተካው ነፃው ሊብሬኦፊስ ይበቃሻል። በወርድ የተጻፈ ሰነድ ከፍተሽ መስመሩ ከተዛባ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፎንቱ ነው። ካሊብሪ የሚባለው ፎንት ከሌለሽ ካርሊቶ የሚባለውን ጫኚ፤ የፊደሎቹ ስፋት እኩል ስለሆነ ገጹ ቦታው ይመለሳል። የጨረስሽውን ሥራ ስትልኪ ግን በፒዲኤፍ ላኪው። የአማርኛ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣብሽም ያው የፎንት ጉዳይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኚ።

"ነፃ ከሆነ ምኑን ያተርፋሉ?" ትዪኝ ይሆናል። "ነፃ" የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው፤ ያለ ክፍያ ማለትም ነው፣ ነፃነት ማለትም ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት የተነሳውን የግኑ ፕሮጀክት ሲያስተዋውቅ ያሰበው ሁለተኛውን ነው። ፕሮግራሙን ማንም ያያል፣ ይለውጠዋል፣ ለሌላ ያካፍለዋል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ሊኑክስን እየሠራሁ ነው ብሎ ሲያሳውቅ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በግኑ የነፃነት ፈቃድ ለቀቀው። የሚያተርፉ ድርጅቶችም አሉ፤ የሚሸጡት በአብዛኛው ድጋፍና አገልግሎት ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ የማላውቀው ሰው የጻፈውን ማስተካከያ ማለዳ ተነስቼ ማግኘቴ ነው። እስከዛሬ አልለመድኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ስትጭኚ አንድ ገጽ ይመጣል። ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን ልጫን ወይስ ዲስኩን አጥፍቼ ልጫን ብሎ ይጠይቅሻል። እዚያ ገጽ ላይ እጅሽን ከማውሱ አንሺና ቁጭ በይ። እኔ እዚያ ጋ ነው ጉድ የሆንኩት።

አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር። አዲስ ሲስተም ልጭን ብዬ ማታ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል። ፎቶዎቹ ሌላ ዲስክ ላይ የተገለበጡ መስሎኝ ነበር። አላረጋገጥኩም። አጥፍተህ ጫን የሚለውን ነካሁት። ጠዋት እናትሽ "የልጅቷ ፎቶዎች የታሉ?" አለችኝ። ያኔ የተሰማኝን ዛሬም መጻፍ ይከብደኛል።

እንደገባኝ ወዲያው ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ይህንን ብቻ በትክክል አድርጌያለሁ። ፋይል ሲጠፋ ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ዲስኩን ሌሊቱን ሙሉ አስፈተሽኩት። ከአንድ ሺህ በላይ ፎቶ መለሰልን። ስማቸው ግን የለም። በማህደር የተከፋፈለው ሁሉ ተደባልቋል። ሁሉም ኤፍ ከሚል ፊደልና ከረጅም ቁጥር ሌላ ስም አልነበራቸውም። የካሜራችን ቀን ተስተካክሎ ስለማያውቅ እሱም አልረዳንም። እናትሽ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ እየተቀመጠች ደረደረቻቸው። በምን መሰለሽ? በጥርስሽ። የፊቱ ጥርስ ያለበት፣ የተነቃነቀበት፣ የወለቀበት፣ አዲሱ ብቅ ያለበት።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። በአራት ዓመትሽ የራስሽን ግጥም ፈጥረሽ ስትዘፍኚ በድምፅ የቀዳሁት ፋይል ነበር። ሊኑክሱ ራሱ የተጻፈው እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በእሱ ላይ የተጻፈበትን ደግሞ ምንም ፕሮግራም አያመጣውም።

ስለዚህ አደራ። ከመጫንሽ በፊት ያለሽን ሁሉ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጪ። ከዚያ ዲስኩን ነቅለሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኪና አምስት ስድስት ፋይል ክፈቺ። ፎቶው በትክክል ይታያል? ቪዲዮው ይጫወታል? ከተጫወተ ቀጥዪ። ከዚያ በኋላም ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ዲስኩ ላይ፣ አንዱ ካለሽበት ቤት ውጭ። ሦስተኛውን ወደኔ ላኪው፣ እኔ አስቀምጥልሻለሁ።

ሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል ፕሮግራም ታገኛለሽ። አፕዴት ሲበላሽብሽ ሲስተሙን ወደ ትናንቱ ይመልስልሻል፤ በጣም እወደዋለሁ። ግን በራሱ አሠራር የሚያስቀምጠው ሲስተሙን እንጂ የግል ፋይሎችሽን አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለፎቶና ለጽሑፎችሽ ዴዣ ዱፕ የሚባለውን የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ለብቻ አዘጋጂ።

ተርሚናል በሚባለው ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ላይ ሱዶ ብሎ የሚጀምር ትእዛዝ ስትሰጪ ፓስወርድ ይጠይቅሻል። ስትጽፊው ስክሪኑ ላይ ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ጽፈሽ ኢንተር በይው። ከየትም ያገኘሽውን ትእዛዝ ግን ምን እንደሚሠራ ሳታውቂ አትለጥፊ። በተለይ ሱዶ ብሎ የሚጀምረውን፣ ሲስተሙን የመለወጥ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠውን፣ ቃል በቃል አንብቢው። ካልገባሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አየዋለሁ።

ቅዳሜ ነፃ ነኝ። ፍላሹን አዘጋጅተሽ ደውዪልኝና አብረን እንጭነዋለን። ያ ገጽ ሲመጣ ብቻሽን እንድትሆኚ አልፈልግም።

ተጭኖ ሲያልቅ ደግሞ ማይክራፎኑ መሥራቱን መሞከርሽ አይቀርም። ያቺ ዘፈንሽ "ጨረቃ ጫማዋ ጠፋት" ብላ ነበር የምትጀምረው፤ የቀረውን እናትሽም እኔም ረስተነዋል። አንቺ የምታስታውሺው ካለ እሷን ቅጂልኝ።

አባትሽ