ወተት የላትም አትበላት

ጅማ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድመህ አራሷን ምራቴን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። የልጅ ልጄንም ግንባሩን ሳምልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ በርትቷል፤ አዌቱ ወንዝ ሞልቶ ደፍርሷል። እናትህ ለአጥሚቱ አጃና ገብስ ስታስለቅም፣ ስታስቆላ፣ ስታስፈጭ ሰንብታለች። ረቡዕ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ እናንተ ትመጣለች፤ ይህንንም ደብዳቤ በእርሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

ትናንት ማታ ደውለህ «አባዬ፣ ወተት የላትም መሰለኝ፤ የዱቄት ወተት ልግዛ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «ቆይ፣ አትቸኩል» ከማለት በቀር አልመለስኩልህም። ሚስትህ አጠገብህ እንደነበረች ከድምፅህ አውቄያለሁ። ቃልህን ሰምታው ይሆናል እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ያንኑ ቃል እኔ በ1986 ዓ.ም. በዚህችው ቤት ተናግሬዋለሁ። አራሷ እናትህ ነበረች፤ ሕፃኑም አንተ። ምን እንዳስከተለ እስከ ዛሬ ነግሬህ አላውቅም።

ያኔ አባት በአራስ ቤት ቦታ አልነበረውም። ሴቶቹ ገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ እልልታውን ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ወንድ ልጅ መሆንህን ያወቅሁት በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጣታቸውን ለጋ ቅቤ ነክረው አቀመሱህ፤ ሆዱ ይለስልስ ብለው። የእናትህን የመጀመሪያ ወተት ደግሞ ቢጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ተቋጥሮ የቆየ ነው አሉና አስጨምቀው አስደፉት። ክፉ አስበው አልነበረም። እርሳቸውም ከእናታቸው የተቀበሉት ይህንኑ ነው።

እኔ ግን ያደግሁት ከብት መካከል ነው። ላም ስትወልድ ጥጃው እንገሩን በቶሎ ካልጠባ እንደማይጠነክር ማንም እረኛ ያውቃል። ለጥጃ የማንነፍገውን ለገዛ ልጃችን ደፋንበት። በዚያ ላይ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ስለ አጥቢ እንስሳት በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ውዬ ቤቴ ስገባ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ቢጫ ወተት በሽታን የሚከላከል ኃይል የተሞላ ነው፤ ሐኪሞች የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ይሉታል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። የሕፃኑም ሆድ በዚያው ልክ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑን ያየ ሰው ነው «ወተት የላትም» የሚለው።

ልጅህ ትናንት ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ብዙው ወተት የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እንደ ሚስትህ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ደግሞ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። ጡት እንደ ጋን አይደለም፣ እንደ ምንጭ ነው። ጋን በተቀዳ ቁጥር ይጎድላል፤ ምንጭ በተቀዳ ቁጥር ይፈልቃል። ልጁ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ቢጠባ ልክ ነው፤ ስላልጠገበ ብቻ አይምሰልህ። በጡጦ የሞላህለት ሆድ ግን ጡቱን አይፈልግም፤ ያልተፈለገ ጡት ደግሞ ወተቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ እውነትም ወተት የላትም ትላለህ፤ ያደረቅኸው ግን አንተ ነህ።

ልጅ ካላለቀሰ ጡት አያገኝም ይባላል። ይህን አባባል ለፖለቲካው ተውለት። ሕፃን ሳያለቅስ በፊት ይናገራል፤ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ልቅሶ የመጨረሻው ነው፤ አንዴ ካለቀሰ በኋላ ጡቱን ለመያዝም ይቸገራል። አጠገቡ ቁጭ ብለህ ይህን የምታይ ዓይን አንተ ሁን።

ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚለውን ሽንቱ ይነግርሃል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በአንድ ቀንና ሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበ እየጠጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል። ነገር ግን ሽንቱ ካነሰ፣ ለመጥባት ከደከመ፣ እንቅልፉ ከበዛ፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ከሆነ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰደው። ሐኪሙ መርምሮ ተጨማሪ ወተት ይሰጠው ካለ ይሰጠው፤ በዚያ ማንም አያፍርም። የምለምንህ የሱቅ ቆርቆሮና የጎረቤት ምክር እንዳይወስኑላችሁ ነው።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። በዘጠነኛው ቀን የእናትህ ግራ ጡት ቀላ፣ ደነደነ፤ ትኩሳት አንቀጠቀጣት። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው ምች ነው አለ። የታመመ ጡት ልጅ ይጎዳል ተብሎ አንተን ከእቅፏ ነጠሉህ። እኔም ያን ጊዜ ነው ወደ መኝታ ቤቱ ብቅ ብዬ «ታዲያ ወተት ከሌላት ምን እናድርግ?» ያልኩት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቆርቆሮ ወተትና ጡጦ ገዝቼ መጣሁ፤ አባትነቴን የተወጣሁ መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘህ። ጡጦው በደንብ አልተቀቀለም፤ ውሃውም ንጹሕ አልነበረም።

ያዳነችህን አንተ ታውቃታለህ፤ እንዴት እንዳዳነችህ ግን አታውቅም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የጡት እናትህ የአምስት ወር ሴት ልጅ ያጠቡ ነበር። ልቅሶህን ሰምተው ማንንም ሳይጠይቁ ገቡ፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ሻርፓቸውን ገለጥ አድርገው አጠቡህ። ሁለት ቀን እንደዚያ አደረጉ። ከዚያም ለአያትህ «የታመመ ጡት መድኃኒቱ የልጁ አፍ ነው፤ ልጁን መልሱላት» አሏቸው። ጡቷን በሞቀ ጨርቅ አሹላት፤ አንተንም በታመመው ጡት በኩል አስጠጉህ። በማግስቱ ያየው ሐኪምም ይህንኑ ደገመ፤ መድኃኒት አዝዞ ማጥባቷን እንዳታቆም አስጠነቀቃት። በሳምንቱ ዳነች፤ አንተም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጠባህ።

በእስልምና ሕግ ያጠባች ሴት እናት ትሆናለች፤ ልጆቿም ለዚያ ልጅ እህትና ወንድም ናቸው፤ በመካከላቸው ጋብቻ የለም። ከዚያች ልጅ ጋር «የጡቴ ወንድም፣ የጡቴ እህት» ተባብላችሁ ያደጋችሁት፣ በሠርጓም ቀን ከወንድሞቿ ተርታ የቆምኸው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ የክርስቲያን ቤት፣ እነርሱ የሙስሊም ቤት፤ ጅማ ላይ በአንድ አጥር እንዲህ ተዛመድን። በአገራችን «ጡት ነካሽ» ከሚለው የከፋ ስድብ የማይገኘው ጡት ዝምድና ስለሆነ ነው። (ዛሬ የሌላን ሰው ልጅ ማጥባት የኤች አይ ቪ ምርመራ ሳይደረግ አይገባም፤ ያኔ ይህን የሚነግረን አልነበረም።)

እንግዲህ ያንተን ሥራ ልንገርህ። ሌሊት ሲነቃ አንሥተህ የምታቀብላት አንተ ነህ፤ ሽንት ጨርቁን ለውጠህ፣ አስገስተህ የምታስተኛው አንተ ነህ። ልታጠባ በተቀመጠች ቁጥር ውሃ ወይም አጥሚት አጠገቧ ይኑር። የሚያጠባ ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ምግብ ይፈልጋል። ፍልሰታ እየገባ ነው፤ አራስ አትጾምምና ስለ ጾም የሚያነሳ ቢኖር አንተ መልስለት። ለዘመዶቿ ቡናው ይፈላ፣ ገንፎውም ይገንፋ፤ እርሷም አንድ ሁለት ስኒ ብትጠጣ ምንም አይደለም። ድካሟን ስታይ ግን እንግዳውን በትሕትና ሸኝ። እናቷም እናትህም ስለ ቅቤ፣ ስለ አብሽ ውሃ ወይም ስለ ስኳር ውሃ ሲያነሱ «እስከ ስድስት ወር ውሃም ቢሆን አይሰጠውም ተብለናል» በላቸው። እርሷ ስትለው ክርክር ይሆናል፤ አንተ ስትለው ይሰማል። ፍትሐዊ አይደለም፤ ሆኖም እስኪስተካከል ድረስ ተጠቀምበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሚስትህ ሥራ የምትመለስበት ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ አንተ ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ነበረህ፤ እርሱም አልቋል። ለእናት ስድስት ወር አጥቢ እያልን ሦስት ወር እንሰጣታለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ያዛል፤ እርሷ በምትሠራበት የግል ድርጅት ግን ይህ የለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ከነበሩት ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ስንቱ በእናቱ ስንፍና የቀረበት ይመስልሃል? እኔ አንድም አይመስለኝም።

ስለዚህ ከአሁኑ አስቡበት። የዓመት ፈቃዷን ከወሊድ ፈቃዷ ጋር ታያይዝ። በእጇ ማለብን ትለማመድ፤ የታለበ ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን ከአራት ሰዓት በላይ አታቆዩት። አለቃዋ ዘንድ ሄዳ በር የሚዘጋበት ክፍል እንድትጠይቅ አደፋፍራት፤ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንድታልብ ከተነገራት እንቢ ትበል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ይዛ ጓዳ እንደምትገባ እናትህ ነግራኛለች። ራሷ ከፈለገች መልካም፤ አንተ አፍረህ ከሆነ ግን አሳዝነኸኛል። እዚህ ሂርማታ ገበያ ሴቶች ሽንኩርት እየመዘኑ ያጠባሉ፤ ማንም ዞሮ አያይም። ባለፈው ወር ግን እዚሁ ከተማ አንድ ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ አንዲትን ወጣት እናት «እዚህ አይቻልም» ሲላት ሰማሁ። ልጅቷ ደንግጣ ልጁን ከጡቷ ነጥቃ ወጣች። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ ተከትያት ወጣሁና ዝናቡ እስኪያባራ ጃንጥላዬን ያዝኩላት፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አጥብታ ጨረሰች። በ1986 ዓ.ም. በዚህችው ቤት እንዲህ አጠገቧ መቆም ነበረብኝ።

እናትህ ማር፣ ንጥር ቅቤና የአጥሚቱን ዱቄት ይዛለች። አንድ በርጩማም ልኬአለሁ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ነው፣ ሦስት እግር ያለው። ወንበር ላይ ሆና ስታጠባ እግሯን ታሳርፍበት፤ ጉልበቷ ከፍ ሲል ልጁ ወደ ጡቷ ይቀርባል፣ ወገቧም አይጎብጥም። ለእናትህ ከባድ ስለሆነ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት መናኸሪያ ደርሰህ ተቀበላት።

አባትህ