ደብዳቤ ለልጄ፦ በየትኛው ቆጠራ?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? እኔ ደህና ነኝ። ያስቸገረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። እሱም የሠላሳ ዓመት የማታ ሽፍት ውለታ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ "የልጅ ልብ ቢቆም የምንሠራበትን መመሪያ አንቺ አርቅቂው" እንዳሉሽ ነገርሽኝ። ከዚያ ጠየቅሽኝ፤ "እማዬ፣ ልብ አይሲዩ፣ የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን፣ የተኛ የአምስት ቀን ልጅ አሬስት ቢያደርግ፣ ልቡ ቢቆም፣ በየትኛው እንሥራ? በጨቅላዎቹ መመሪያ ወይስ በልጆቹ?" እኔም አፍታ ሳላስብ "በጨቅላዎቹ ነዋ!" አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያን መልስ የሰጠሽ እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

እጄ ለምን እንደዚያ እንዳለ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በማዋለጃና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ትንፋሽ" እያልኩ። በደቂቃ 90 ጊዜ ደረት መጫን፣ 30 ጊዜ ማስተንፈስ፣ ሲደመር 120። ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ብትጠይቂኝም ሳልሳሳት እቆጥረዋለሁ። ኤን አር ፒ የሚሉት ይህ የጨቅላዎቹ መመሪያ ሥልጠና እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። የኔን ዘመን ነርሶች ሁሉ እጅ የቀረጸው እሱ ነው።

ቆጠራው ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አሁን የተወለደ ልጅ ሳንባው ፈሳሽ አለበት። ልቡ ጤነኛ ነው፤ የሚዳከመው አየር ስላጣ ነው። ሳንባውን ከከፈትሽለት ብዙውን ጊዜ ልቡ በራሱ ይነሳል። ለዚህ ነው ኤን አር ፒ ነገር ዓለሙን ሁሉ ትንፋሽ ላይ ያደረገው። ደረት መጫን የሚጀመረው እንኳ 30 ሰከንድ በደንብ ካስተነፈስሽው በኋላ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ነው። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ ኦክስጅኑም በተራ አየር፣ በ21 በመቶ ይጀምራል። ደረት መጫን ሲመጣ ነው ወደ 100 የሚወጣው። ለማዋለጃ ክፍል ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

አንቺ ጋ የተኛው ልጅ ግን ሌላ ነው። ሳንባው ከተከፈተ ቀናት አልፈዋል። ቱቦ ገብቶለት ቬንቲሌተሩ እያስተነፈሰው ነው። እሱን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ልቡ ነው። ምቱ ይዛባል፤ ወይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ልቡን ከቦ ያፍነዋል፤ ወይ ሻንቱ፣ ደም እንዲያልፍበት በቀዶ ሕክምና የተሠራለት መተላለፊያ፣ ይዘጋል። እዚያ ላይ ትንፋሽ ብቻ ምን ይፈይድለታል? የሚፈልገው ደሙን የሚገፋለት እጅ ነው። የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ደም የሚያገኙት የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነው። እጅሽን ባነሳሽ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል። መልሶ ለማውጣት ደግሞ ብዙ ጭነት ይጠይቃል። በየሦስቱ የሚያቆም ሰው ሲወጣ ሲወርድ ይውላል።

ፓልስ፣ ማለትም የልጆቹ መመሪያ፣ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰው ካለ 15 ጭነት ለ 2 ትንፋሽ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፤ ጥልቀቱ የደረቱን ውፍረት ሲሶ፣ ለሕፃን 4 ሴንቲሜትር ገደማ። ቱቦ የገባለት ከሆነ ለትንፋሽ ብሎ ማቆም የለም። አንዱ ሳያቋርጥ ይጫናል፣ ሌላው ለብቻው በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያስተነፍሳል። የኤሌክትሪክ ሾክ የሚፈልግ የምት መዛባት ቢመጣም ፓልስ መልስ አለው፤ መጀመሪያ በኪሎ 2 ጁል፣ ካልሆነ 4። በኤን አር ፒ ቅደም ተከተል ውስጥ ሾክ የሚባል ደረጃ የለም። ለምን ይኑር? አሁን ለተወለደ ልጅ ማን ሾክ ያስባል? ለናንተ ክፍል ግን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ይህ የኔ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስልሽ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያው የአሬስቱ መነሻ ልብ የሆነ ጨቅላ የትም ይተኛ የት በሕፃናቱ፣ ማለትም በፓልስ፣ መመሪያ ቢታከም ተገቢ ነው ብሏል። ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የልብ ሕመም ስላለባቸው ሕፃናትና ልጆች ሲፒአር፣ ደረት እየተጫኑና እያስተነፈሱ ነፍስ ስለ ማዳን፣ ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ አውጥቷል። እሱን ሳታነቢ ብዕር እንዳታነሺ። በነገራችን ላይ የኤን አር ፒን 3 ለ 1፣ ሦስት ጭነት ለአንድ ትንፋሽ፣ የሚደግፈው ማስረጃ በአብዛኛው በእንስሳትና በልምምድ አሻንጉሊት ላይ ከተደረገ ጥናት የመጣ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ አንዱ ወገን "ሳይንሱ አልቆለታል" ብሎ ቢጮህብሽ አትደንግጪ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ለአባትሽም አልነገርኩት።

አንድ ሌሊት ሰው ጎድሎባቸው ከጨቅላዎች ክፍል ወደ ልብ አይሲዩ ላኩኝ። ልቡ የተሠራለት የአሥራ አንድ ቀን ልጅ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ምቱ ወደ 40 ወረደ፤ የደም ግፊቱም አብሮ ወደቀ። ሮጥኩና ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰውን ከረጢት፣ ያዝኩ። አንድ ወጣት ሐኪም ደረቱን መጫን ጀመረ። ሦስት ሲደርስ እኔ ትንፋሽ ሰጠሁ። እሱ ግን አራት፣ አምስት እያለ ቀጠለ። ትንፋሼና ጭነቱ ተጋጩ። "ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ። "አንተ ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት። ሁለታችንም የተማርነውን ነው የሠራነው፤ ሁለታችንም እርግጠኛ ነበርን። አልጋው ላይ ልጅ ተኝቶ እኛ በቁጥር ተጣላን! ስንት ሰከንድ እንደሄደ እንጃ፣ ለኔ ግን ዓመት ነበር።

ያዳነችው ሦስተኛ ሰው ናት። የክፍሉ አንጋፋ ነርስ መጥታ አላየችንም፤ ሞኒተሩን አየች። ከዚያ ከልጁ ደረት የሚወጡትን ቀጫጭን የፔስሜከር፣ ልብ የሚያስመታው መሣሪያ፣ ሽቦዎች በእጇ ተከተለች። አንዱ ከመሣሪያው ተነቅሏል። ሰካችው። ምቱ 140 ሆነ። ልጁ በኋላ ተሽሎት ወጣ። እኔና ሐኪሙ ግን እስከ ንጋት አልተያየንም።

ያን ሌሊት ስንቆጥር "ይህ ልጅ ለምን ወደቀ?" ብለን አልጠየቅንም። ደረት መጫናችን ስህተት አልነበረም፤ ግን ሽቦው ተነቅሎ የሚያድን ቆጠራ የለም። ልጄ፣ የምታረቂው ወረቀት የመመሪያ ስም ጽፎ የሚያበቃ ከሆነ አይጠቅምም። "በክፍላችን መነሻው ፓልስ ነው" ብለሽ ጻፊ፤ እኔ እስማማለሁ። ግን ወዲያው ከሥሩ የልብ ክፍሉን የራሱን ነገር ጨምሪ። ሽቦ ያለው ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ሽቦው ይታይ። ሻንት ካለው መዘጋቱ ይጠርጠር። ደረቱ ገና ያልተዘጋ ወይም ትናንት የተሰፋ ከሆነ የሚከፍተው ማን ነው? ዕቃው የት ነው ያለው? ቀዶ ሐኪሙና የኤክሞ፣ የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው መሣሪያ፣ ቡድን በስንተኛው ደቂቃ ይጠራሉ? "አስፈላጊ ሲሆን" ብለሽ እንዳትጽፊ። በጭንቀት ሰዓት "አስፈላጊ ሲሆን" ማለት "ሲረፍድ" ማለት ነው።

ልብ ማስነሻው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ ላይም ተነጋገሩ። ፓልስ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ይላል፤ ኤን አር ፒ በደም ሥር ከ0.01 እስከ 0.03 ይፈቅዳል። ሁለት መመሪያ በአንድ ክፍል ካለ ሁለት ዶዝ አለ ማለት ነው፤ በሌሊት ደግሞ ዜሮ በቀላሉ ትዘለላለች። አዲስ የተሰፋ ልብ ላይ ሙሉ ዶዝ ሲሰጥና ልቡ ሲነሳ የደም ግፊቱ ይተኮስና ስፌት ሊያስቸግር ይችላል። ለዚያ የሐኪሞቻችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? አንቺ አትወስኚ፤ ግን ወረቀቱ ላይ ሳይመለስ አይለፍ።

ሌላም አለ። አንድ የሚሠራ ቬንትሪክል፣ ደም የሚረጭ የልብ ክፍል፣ ብቻ ያለው ልጅ ልቡ ከተመለሰ በኋላ ሳቹሬሽኑ፣ የደሙ የኦክስጅን መጠን፣ ከ75 እስከ 85 በመቶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለሱ ደህና ነው። 100 ለማድረስ ኦክስጅን የሚያጎርፍበት ሰው ደሙን ወደ ሳንባ ጠርቶ ሌላውን አካል ያስርበዋል። እኔ ብሆን ያን ቁጥር በትልቁ ጽፌ ራስጌው ላይ እለጥፋለሁ።

ታዲያ ኤን አር ፒ ከናንተ ክፍል ጨርሶ ይውጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከርልሽ፤ ልማዴ ነው። ልቡ ችግር እንዳለበት በእርግዝና የታወቀ ልጅ ማዋለጃ ክፍል ሲወለድ በኤን አር ፒ ይጀመርለት። ልቡ የታመመም ቢሆን ሳንባው ገና ነው። ወደናንተ ክፍል ከገባ በኋላ ግን የናንተ ነው። መስመሩ የት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። በዕድሜ ብቻ አትቁረጡት፤ ጨቅላ የሚባልበትን 28 ቀን የሞላ ልጅ በ29ኛው ቀን ሌላ ሰው አይሆንም። በር ላይ ብቻም አትቁረጡት ልልሽ ነበር፤ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍልስፍና የለም፣ ሰው የሚያውቀው የቆመበትን ክፍል ነው። ስለዚህ መነሻው ክፍሉ ይሁን፣ የሚቀየረው ምክንያቱ ሲታወቅ ይሁን፤ ቀይሪ የሚለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ፣ ቡድኑን የሚመራው።

እንደኔ ከጨቅላዎች ክፍል በውሰት የምትመጣዋን ነርስም አትርሺያት። ሽፍቱ ሲጀመር ባጉን ሳትይዝ በፊት "እዚህ የምንቆጥረው እንዲህ ነው" ትባል። ለኔ ያን ሌሊት ማንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ። ፊደሉን ትልቅ አድርጊው፤ መነጽሬ አርጅቷል። ስትመጪ ደግሞ ያቺን የልምምድ አሻንጉሊት ተውሰሽ አምጪልኝ። እጄ አሁንም ሦስት ላይ ያቆማል፤ አንቺ ትጫኛለሽ፣ እኔ ሳላስቆምሽ ማስተንፈስ እለማመዳለሁ።

እናትሽ