የኬሚስትሪ ክበብ ዘገባ፦ ውሃ ጨው የሚጠግበው ስንት ላይ ነው?

ከክበቡ ተጠሪ መምህር

ጥቅምት ላይ ክበባችን ሥራ ሲጀምር ለአባላቱ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ 100 ግራም ውሃ ስንት ግራም ጨው ያሟሟል? አብዛኞቹ «ብዙ» አሉ። አንዱ ተማሪ ግን «እስኪበቃው ድረስ» ብሎ መለሰ። መልሱን ወደድኩት። ዓመቱን ሙሉ ስንለካ የከረምነውም ይህንኑ «እስኪበቃው» የተባለውን ነገር ነው።

ከዚያ በላይ ጨው የማይቀበለውን ውሃ በክበባችን «የጠገበ ውሃ» ብለን ጠራነው። አሠራሩ ለዓይን ቀላል ነው። ጨው እየጨመሩ ማማሰል፣ ከላይ ያለውን ጥሩውን ውሃ በማጣሪያ ወረቀት ማጥለል፣ ከዚያ 20 ግራሙን አስቀድሞ በተመዘነ ሳህን ላይ አድርጎ በምድጃ ማትነን። ሳህኑ ላይ የቀረው ጨው ነው፤ የጎደለው ውሃ ነው።

ሦስቱ ቡድኖች የመጀመሪያ ውጤታቸውን ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ 26፣ 31 እና 41 ሆነ። መጽሐፉ በክፍል ሙቀት 36 ግራም ገደማ ይላል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለምን 36 ብለን አንጽፈውም? እውነቱ እሱ ነው» አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ ጥያቄዋ የልብ ነበር። ነገር ግን ምክንያታቸው እስኪገኝ ድረስ ሦስቱም ቁጥሮች እንዳይጠፉ አደረግሁ። ሦስት ሳምንት ሰሌዳው ጥግ ላይ ቆዩ።

26 ያገኘው ቡድን ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የሳተው ስሌቱ ነው። 5.3 ግራሙን ጨው ያካፈሉት ለ20 ግራሙ የጨው ውሃ ነው፤ ማካፈል የነበረባቸው ግን ለ14.7 ግራሙ ንጹህ ውሃ ነበር። ሲያስተካክሉት 36 መጣ፤ የዚያን ቀን የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ክፍል ድረስ ሰምተውታል። 31 ያሉት ደግሞ እሳቱን አብዝተው ስለነበር ጨው ሊደርቅ ሲል እየተንጣጣ ከሳህኑ ወጥቶባቸዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፍንጣሪውን ያየችው አንዲት ተማሪ ናት። 41 ያሉት ጨዋቸው የደረቀ መስሏቸው ሳይደርቅ መዘኑት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቡድን ሳህኑን ከድኖ በዝግታ ያደርቃል፣ ያቀዘቅዛል፣ ይመዝናል፤ እንደገና ያደርቃል፣ ይመዝናል፤ ሁለቱ ሚዛን አንድ እስኪሆን። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ውጤታችን ከ35 እስከ 37 ባለው ውስጥ ገባ።

አንድ ተማሪ ከአያቱ ቤት ቁራጭ አሞሌ ይዞ መጣ። በሙቀጫ ወቅጠን አሟሟነው፤ ማጣሪያው ላይ ቡናማ ጭቃ ቀረ፣ የጠለለው ውሃ ግን ከሱቁ ጨው ጋር የተቀራረበ ቁጥር ሰጠን። በአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል የሚወጣውና በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ በአብዛኛው ያው ሶዲየም ክሎራይድ (የምንበላው ጨው) መሆኑን ልጆቹ በገዛ እጃቸው አዩት።

ሁለተኛውን መንፈቅ ለሙቀት ሰጠነው። ሁሉም የጠበቀው የፈላ ውሃ እጥፍ ጨው እንደሚያሟሟ ነበር። ጨው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ውሃው በ20 ዲግሪ 36፣ በ80 ዲግሪ 38 ግራም ያህል ነው የሚይዘው። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 100 ዲግሪ የምንለካበት መንገድ የለንም።) ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ሌላ ነጭ ውህድ ግን ለየት ይላል፦ በ20 ዲግሪ 32፣ በ40 ዲግሪ 64፣ በ60 ዲግሪ 110 ግራም። እሱን ማትነን አላስፈለገንም። 10 ግራም ውሃ ውስጥ 6.4 ግራም ጨምረን፣ አሙቀን አሟሟነውና ቴርሞሜትር ከትተን፣ እያማሰልን እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ 40 ዲግሪ አካባቢ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ከታች ብቅ አሉ። ያልታማሰለው ግን ከዚያ በብዙ ወርዶ ሳይታሰብ በአንዴ ነው የረጋው። ይህን ክሪስታል ለማየት ከሌላ ክበብ ሳይቀር ተማሪዎች መስኮቱ ላይ ተሰብስበው ነበር።

ለልዩነቱ ፍንጭ የሰጠን እጃችን ነው። ፖታሲየም ናይትሬት ሲሟሟ ቢከሩ (የምናሟሟበት ብርጭቆ) ይቀዘቅዛል፤ ከውሃው ብዙ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ሙቀት ሲጨመርለት አብዝቶ ይሟሟል። ጨው ሲሟሟ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱ ብዙም አይለውጠውም። አፍዴራ ላይ ጨው የሚያመርቱት ውሃውን በፀሐይ የሚያተኑት ለዚሁ ነው፤ የጠገበ የጨው ውሃ ቢቀዘቅዝ የሚሰጠው ጨው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሰኔ ላይ ከመለያየታችን በፊት ኖራ በውሃ በጥብጠን፣ አየር እንዳይገባው ጠርሙሱን በሰም አሽገን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠናል። ኖራ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚሟሟው ያንሳል፤ 100 ግራም ውሃ ውስጥ የሚገባው 0.2 ግራም እንኳ ስለማይሞላ በእኛ ሚዛን አይያዝም፣ በአሲድ ቲትሬት ማድረግ (አሲድ በጠብታ እየጨመሩ መጠኑን ማወቅ) ይኖርብናል። ጠብታው የሚለካበትን ቱቦ፣ ቡሬቱን፣ አሁኑኑ አጥበን አስቀምጠነዋል። መስከረም ላይ ጠርሙሱን የምትከፍተው «36 ብለን እንጻፈው» ያለችው ተማሪ ናት፤ ራሷ ጠይቃ ነው።