የአኒሜሽን ክበብ ዘገባ፦ የ20 ሰከንድ ፊልም አንድ ዓመት ፈጀብን

ዘንድሮ ክበባችን ሥራውን የጀመረው በሙግት ነው። በመጀመሪያው ቀን «ምን እንሥራ?» ብዬ ጠየቅሁ። ግማሹ መኪና አለ፣ ግማሹ ሮቦት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብቻ «እንስሳ» አለች። ሳቁባት። «እስቲ ይህን እዩና ሳቁ» ብዬ «ፓይፐር»ን ከፈትኩላቸው።

ላላያችሁት፦ «ፓይፐር» ፒክሳር የሠራው የኮምፒውተር አኒሜሽን ነው፤ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዳይሬክተሩ አለን ባሪላሮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ፋይንዲንግ ዶሪ» ከተባለው ረጅም ፊልም በፊት በየሲኒማ ቤቱ ታየ፤ በ2017 በምርጥ አጭር አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ወሰደ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የባሕር ዳርቻ ጫጩት ከእናቷ ጋር ምግብ ፍለጋ ትወጣለች። ሞገድ መጥቶ ይደፍቃታል። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚባል ነገር ማየት አትፈልግም። አንድም ቃል አይነገርበትም።

ሲያልቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ «አሸዋው ግን የእውነት ነው አይደል?» አለ። አይደለም። አሸዋው በኮምፒውተር የተሠራ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅንጣት ነው። «ድጋሚ!» ተባለ። የጮኸው «ሮቦት እንሥራ» ካሉት አንዱ ነው።

በሁለተኛው ዙር ድምፁን አጥፍተን አየን። እንስሳ ያለችው ተማሪ ያኔ አንድ ነገር ተናገረች፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራንበትም እሱን ነው። «ክንፏን እንደ እጅ አትጠቀምበትም» አለች። እውነቷን ነው። ብዙ ካርቱን ላይ ወፍ በክንፏ ትጠቁማለች፣ ወገቧን ትይዛለች። ይቺ ግን ወፍ ናት። ፍርሃቷን የምናየው በአንገቷ፣ በላባዋና በእግሯ ጥድፊያ ነው።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ሙግት ተነሳ። አንዱ ልጅ ስለ ወፏ አንብቦ መጣ። በእንግሊዝኛ ሳንደርሊንግ ትባላለች። የምትፈለፈለው ፊልሙ ላይ እንዳለው ባሕር ዳር አይደለም፤ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ባለው ዛፍ አልባ ምድር ነው። ጫጩቷም ከእንቁላሉ በወጣች በአጭር ጊዜ ውስጥ ራሷ ለቅማ ትበላለች፤ እናት አታጎርስም። «ስለዚህ ፊልሙ ውሸት ነው» ብሎ ደመደመ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተጨቃጨቅንበት። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ታሪኩ የሰው ነው፤ እንቅስቃሴው የወፍ ነው። ሐሳቡ ራሱ ለዳይሬክተሩ የመጣለት በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ወፎቹ ከሞገድ ሲሸሹና ተመልሰው ሲለቅሙ አይቶ ነው። እኛም ወጥተን እንይ ተባለ።

ባሕር የለንም። ግቢያችን ውስጥ ያለችው ርግብ ናት። ልጆቹ በስልክ ቀረጿት፤ ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል ገለጥነው። ርግብ ስትራመድ ጭንቅላቷን ወደፊት ወደኋላ የምትወዘውዝ ይመስለን ነበር። ወደኋላ የሚባል ነገር የለም! ጭንቅላቷን ወደፊት ትወረውርና እዚያው ቀጥ ታደርገዋለች፤ ገላዋ ከሥር ይደርስበታል። እንደገና ትወረውራለች። ምክንያቱ እይታዋ እንዳይናወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በተደረገ ሙከራ ርግቦችን መሮጫ ማሽን ላይ አስኪደዋቸው ነበር፤ በዙሪያቸው ያለው ነገር ስለማይርቅና ስለማይቀርብ ውዝወዛውን ተዉት። ይህን ስነግራቸው አንዱ ተነስቶ በክፍሉ ውስጥ እንደ ርግብ ተራመደ። የዓመቱ ምርጥ ትወና ነበር።

ወደ ብሌንደር ስንገባ ጣጣው መጣ። (ብሌንደር አኒሜሽን የሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ለክበብ የሚሆን ሌላ አማራጭም የለንም።) አካል ቀረጽን፣ አጥንት አስገባን፣ አስኬድናት። ርግባችን ግን እንደታመመ ሰው ትጎተታለች። ሁለት ሳምንት መፍትሔ አጣን። ለካ ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ነው የሚቀርጸው፤ እኛ የምንሠራው በ24 ነው። አንዱን ምስል ለአንዱ እያልን ስለገለበጥን የአንድ ሰከንዱ እርምጃ አንድ ሰከንድ ከሩብ ይወስድ ነበር። ስህተቱን ያገኘው ሒሳብ እጠላለሁ የሚለው ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም፣ ራሱን ያውቃል።

ላባ ሞከርን። ኮምፒውተሩ ደረቀ። ላባውን ገላዋ ላይ ሥለን አለፍነው።

ትልቁ ሐዘን ሬንደር ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሠራነውን አስልቶ የመጨረሻውን ምስል አንድ በአንድ የሚያወጣበት ሥራ ማለት ነው። ፊልማችን 20 ሰከንድ ነው፤ በ24 ሲባዛ 480 ምስል። አንዱ ምስል አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ጠቅላላው 32 ሰዓት። ዓርብ ከሰዓት አስነስተን ሄድን። አንድ ደግ ሰው «ክፍት ረስተውታል» ብሎ አጠፋው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ወረቀት መለጠፍ ነበረብኝ። ከዚያም በላይ፣ ውጤቱ በአንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲወጣ አድርጌ ስለነበር ፋይሉ ተበላሽቶ ሁሉም ሄደ። በተናጠል ምስል ብናወጣው ኖሮ የደረስንበት ይተርፍ ነበር። ሰኞ ከአንድ ጀመርን፣ በተናጠል ምስል።

በዓመቱ መጨረሻ በዓል ላይ አሳየነው። እግሯ መሬቱ ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ጅራቷም እንጨት ነው። ጭንቅላቷ ግን ቀጥ ሲል፣ ገላዋ ሲከተል፣ ከፊት የተቀመጡት ትንንሽ ልጆች አንገታቸውን አብረው ወረወሩ። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ስክሪኑን ትታ እነሱን ታይ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ድመት እንሠራለን ብለዋል። ድመት ፀጉር እንዳላት ነግሬያቸዋለሁ።